ሌቮታይሮክሲን፦ ከቡና በፊት የሚዋጠው ክኒን ሲመዘን

መጠኑ ምስር ቢያክል ነው። በውስጡ ያለው መድኃኒት ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው፤ 50 ማይክሮግራም ማለት አንድ ግራም ለሃያ ሺህ ቦታ ሲከፈል አንዱ ክፍል ነው። የቀረው የክኒኑ አካል መሙያና ማያያዣ ዱቄት ነው። ታይሮይዱ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያለው ሆርሞን አምራች ዕጢ፣ የደከመበት ሰው ይህንኑ በየቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜም ዕድሜ ልኩን፣ ይውጣል።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ሌቮታይሮክሲን በመድኃኒትነቱ እጅግ ጥሩ ነው። ዕጢው ማምረት ያቃተውን ታይሮክሲን የተባለ ሆርሞን ራሱን ይተካል፤ በፋብሪካ ቢሠራም ሰውነት ከሚሠራው አይለይም። ደካማ ጎኑ ሆድ ውስጥ ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ በቀላሉ መባከኑ ነው። ስለዚህ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚል ሰው ሲያጋጥም፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት ከምን ጋር እንደሚውጠው መጠየቅ ይሻላል።

በመጀመሪያ ግን ክኒኑ ለማን እንደሆነ እንለይ። በእኛ አገር አንገት ሲያብጥ ሁሉም «እንቅርት» ይባላል። እንቅርት ግን የዕጢው ማበጥ ስም ነው እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። በብዙ የኢትዮጵያ ደጋ አካባቢዎች ዋነኛ ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብም ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገደደው ለዚሁ ነው። ሌላው ምክንያት የሰውነት መከላከያ የራሱን ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃው ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሀካሩ ሀሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው በሽታ ቀስ በቀስ ዕጢውን እያደከመ ሆርሞን ያሳጣል። ግሬቭስ የሚባለው ደግሞ በተቃራኒው ዕጢውን እየገፋ ሆርሞን ከልክ በላይ ያስመርታል። ሁለቱም አንገት ሊያሳብጡ ይችላሉ። ሌቮታይሮክሲን ለሀሺሞቶ መድኃኒት ሲሆን ለግሬቭስ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ጎረቤት «እኔም እንቅርት አለብኝ፣ ከክኒንሽ ጥቂት ስጪኝ» ስትል መስጠት የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። ልቧ ቀድሞውኑ በፍጥነት እየመታ ከሆነ ክኒኑ የልብ ምት መዛባት ሊያመጣባት ይችላል።

ሀሺሞቶ ቶሎ አይታወቅም፤ ምልክቶቹ ሁሉ ሌላ ስም አላቸውና። ድካሙ ደም ማነስ ይባላል፤ መደበቱ ጭንቀት፤ የሆድ ድርቀቱ የምግብ ችግር፤ የወር አበባ መብዛቱ የማህፀን ጉዳይ። ሌላው ሰው ሞቆት ጋቢ እያወለቀ እርሷ ብርድ ብርድ የሚላት፣ ፊቷ ጠዋት ጠዋት የሚያብጥ፣ ድምጿ የጎረነነ፣ ፀጉሯ የሳሳ፣ ሳትበላ ክብደት የምትጨምር ሴት ካለች ግን ምርመራው ርካሽና ቀላል ነው። ከሴቶች ጋር የምናነሣው በሽታው በሴቶች ላይ በብዙ እጥፍ ስለሚበዛ ነው፤ ወንዶችም ይይዛቸዋል።

የላብራቶሪ ወረቀቱን በእጃችን ይዘን እንየው። የመጀመሪያው መስመር ቲኤስኤች ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል «ታይሮይዴ ከፍ አለ» ይላል። ቲኤስኤች የታይሮይድ ሆርሞን አይደለም፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ለታይሮይድ የምትልከው ትእዛዝ ነው። ታይሮይዱ ሲሰንፍ ፒቱታሪ ደጋግማ ትጣራለች፣ ቁጥሩም ይወጣል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ማለት ዕጢው ዝቅ ያለ ማለት ነው። ለአብዛኛው አዋቂ ጤናማው ክልል ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው፤ የራሱ የላብራቶሪው ክልል ግን ከጎኑ ስለሚጻፍ በዚያ ይነበብ። ሁለተኛው መስመር ፍሪ ቲ4፣ ማለትም በደም ውስጥ በነጻ የሚንቀሳቀሰው ሆርሞን ነው። እዚህ ላይ መለኪያውን አስተውሉ። አንዱ ላብራቶሪ በናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በፒኮሞል በሊትር ይጽፋል። 1.1 እና 14 ተራርቀው ቢታዩም አንድ ነገር ናቸው፤ የመጀመሪያውን በ12.87 ማባዛት ነው። ላብራቶሪ ቀይረው «ውጤቴ አሥር እጥፍ ጨመረ» ብለው የሚደነግጡ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ብዙ ጭንቀት ይቀርላቸዋል።

ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ4 ዝቅ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። ቲኤስኤች ከ4.5 እስከ 10 ባለው መካከል ሆኖ ፍሪ ቲ4 ደህና ከሆነ ግን በአንድ ወረቀት ብቻ የዕድሜ ልክ መድኃኒት መጀመር አይገባም። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ጠብቆ መድገም ነው፤ ራሱ ሊመለስ ይችላል። ሦስተኛው መስመር አንቲ ቲፒኦ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ጥቃቱ ከራስ መከላከያ መሆኑን የሚያሳየው እርሱ ነው። አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ በየጊዜው መድገም ብር ማባከን ነው። ቁጥሩ 300 ሆነ 900፣ የክኒኑን መጠን አይቀይርም። በየጊዜው የሚታየው ቲኤስኤች ነው፤ ለሱ ብቻ ክፈሉ።

ወደ አወሳሰዱ እንምጣ፤ የዚህ መድኃኒት ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ። ውሃ ሲባል ውሃ ብቻ ነው። ሻይም ቡናም ወተትም አይደለም። ቡና ከክኒኑ ጋር ሲጠጣ ወደ ደም የሚገባው መጠን በግልጽ ይቀንሳል። በአበሻ ቤት ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጠዋት ጀበናው ሲጣድ፣ አቦል ሲቀዳ ዓይንን ከመግለጥ ጋር የተያያዘ ነው። ክኒኑን በስኒው ማስቀመጫ ላይ አድርጎ ከመጀመሪያው ፉት ጋር መዋጥ የተለመደ ነው፤ ዋናው ስሕተትም እሱ ነው። መፍትሔው ክኒኑን ከብርጭቆ ውሃ ጋር ራስጌ አስቀምጦ ስትነቁ፣ ለምሳሌ 12 ሰዓት ላይ፣ መዋጥ ነው። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ እስኪቀዳ ሰዓቱ ራሱ ይሞላል። ቡናን የሚከለክል ሐኪም ካለ ከልክ በላይ እየተጠነቀቀ ነው፤ የሚያስፈልገው ርቀት ብቻ ነው።

ከቡና ቀጥሎ የሚያበላሸው የጨጓራ መድኃኒት ነው። በአገራችን ኦሜፕራዞል እንደ ከረሜላ ይገዛል፤ ያለ ማዘዣ ለወራት የሚውጠው ብዙ ነው። ሌቮታይሮክሲን እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድ ያስፈልገዋል፤ አሲዱ ሲቀንስ ክኒኑ በደንብ ሳይሟሟ ያልፋል። በጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያም እንዲሁ ያደርጋል፤ ባክቴሪያው ሲታከም የሚያስፈልገው መጠን የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኦሜፕራዞል ስትጀምሩም ስታቆሙም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ ቲኤስኤች አስለኩ። የሚታኘኩትና በሲሮፕ የሚጠጡት የቃር መድኃኒቶች፣ የብረት ክኒንና ካልሲየም ደግሞ ሆርሞኑን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ከእነዚህ ጋር የአራት ሰዓት ልዩነት ግድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴቶች ከጤና ጣቢያ የሚሰጣቸውን ብረት ከዚህ ክኒን ጋር በአንድ መዳፍ አድርገው መዋጣቸው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ብረቱ ወደ ማታ ይሻገር።

ተልባን ማንሣት ያስፈልጋል። ታይሮይድ ሲደክም ሆድ ይደርቃል፤ ሆድ ሲደርቅ በጠዋቱ የተልባ ውሃ ይጠጣል። በፋይበር የበዛ ነገር ግን የክኒኑን ወደ ደም መግባት ሊያውክ ይችላል። ተልባውን ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ አድርጉት። በጾም ወቅት የሚበዛው የሶያ ወተትም ተመሳሳይ ነው፤ ከክኒኑ ይራቅ። ጎመንን በተመለከተ የሚነዛው ፍርሃት ግን የተጋነነ ነው። ተቀቅሎና በስሎ በሚበላ ጎመን አንድም ሀሺሞቶ ያለበት ሰው መስጋት የለበትም።

ለሚጾሙ ሰዎች ጥሩ አማራጭ የመኝታ ሰዓት ነው፤ ከእራት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ በውሃ። እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ ለማይቀምስ ጿሚም፣ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ለሚመገብም ይህ ከጠዋቱ ይሻላል። ሰዓቱን ከመረጣችሁ በኋላ ግን ጽኑበት፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ማታ ማድረግ የምርመራውን ንባብ ያዛባል። ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል አንድ ምሽት ቢታለፍስ? የሆርሞኑ ግማሽ ዕድሜ በደም ውስጥ ሰባት ቀን ያህል ስለሆነ በአንድ ቀን አይነጥፍም። በተከታታይ ቀናት ማቋረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይኸው የሰባት ቀን ግማሽ ዕድሜ ሌላ ነገርም ያስረዳል። መጠኑ ዛሬ ቢቀየር ደም ውስጥ ያለው ሆርሞን አዲስ ሚዛን ላይ የሚደርሰው ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ «ለውጥ የለም» ብሎ መጠን መጨመር፣ በወሩ ደግሞ «ልቤ ደነገጠ» ብሎ መቀነስ ሰውን እንደ ዥዋዥዌ ያንገላታል። ከለውጥ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ለደከመበት ጤናማ አዋቂ የሚታሰበው መጠን በኪሎ ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነች ሴት 100 ገደማ ማለት ነው። ለአረጋውያንና ለልብ ሕመምተኞች ግን ከ12.5 ወይም ከ25 ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ልብ ለወራት በዝግታ መምታት ለምዷልና በአንድ ጊዜ ሲነዳ ይታመማል። ከልክ ያለፈ መጠን የሚታወቀው በልብ መምታት፣ በእጅ መንቀጥቀጥ፣ በእንቅልፍ ማጣትና በላብ ነው፤ ለዓመታት ከቆየ አጥንት ያሳሳል። ክብደት ለመቀነስ ብሎ መጠን መጨመር ስለዚህ አደገኛ ነው።

ስለ ምርቶቹ። ዩታይሮክስ፣ ኤልትሮክሲን፣ ታይሮኖርም፣ ሲንትሮይድ፣ ሁሉም ውስጣቸው ያው ሌቮታይሮክሲን ነው። «የጀርመኑ ይበልጣል፣ የሕንዱ ደካማ ነው» የሚለው ጨዋታ መነሻ የለውም። ይልቅ የሚበጀው በአንዱ መርጋት ነው። መሙያው ዱቄት ከምርት ምርት ስለሚለያይ ወደ ደም የሚገባው መጠን በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ ጥቂት ልዩነት የሚሰማበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፈረንሳይ ውስጥ ሌቮታይሮክስ የተባለው ምርት ላክቶሱ ወጥቶ በማኒቶልና በሲትሪክ አሲድ ሲተካ ከሕመምተኞች የጎረፈው ቅሬታ አገር አናውጧል። በእስራኤልም በ2011 የኤልትሮክሲን ቀመር ሲቀየር ተመሳሳይ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። ትምህርቱ ምርት ከተቀየረ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ማስለካት እንደሚገባ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ፣ ከዱባይ በጓደኛ፣ ከሰፈር ፋርማሲ በተገኘው እየተቀያየረ ለሚወስድ ሰው ይህ እጅግ ያስፈልጋል።

ቀለሙን አትመኑ። በአሜሪካ ገበያ 25 ብርቱካንማ፣ 50 ነጭ፣ 100 ቢጫ የማድረግ ልማድ አለ፤ ሌላ አገር የተሠራው ግን ሁሉም ነጭ ሊሆን ይችላል። «ነጩን ነው የምወስደው» ብሎ ለፋርማሲስት መንገር 50 የሚወስድን ሰው 100 ሊያስገዛው ይችላል። ሌላው ወጥመድ አጻጻፉ ነው። አንዳንድ ካርቶን 100 ማይክሮግራም ሲል ሌላው 0.1 ሚሊግራም ይላል፤ እኩል ናቸው። 0.05 ደግሞ 50 ነው። ነጥቡ አንድ ቦታ ሲዘል መጠኑ አሥር እጥፍ ይለወጣልና ፊደሉንም ቁጥሩንም አንብቡ።

ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ክኒኑን ያደክሙታል። አብዛኛው ምርት ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ለአዲስ አበባ ቁም ሳጥን ይህ ቀላል ነው። በድሬዳዋ፣ በአፋር፣ ወይም በኩዌትና በዱባይ ለሚኖሩ ግን ከባድ ነው፤ መኪና ውስጥ የቀረ ብልቃጥ በአንድ ቀትር ሊበላሽ ይችላል። ምድጃ አጠገብና መታጠቢያ ቤትም አይሆንም። በፎይል የታሸገው ሰሌዳ ከብልቃጡ ይሻላል፤ የቀን ክኒኑ ብቻ ሲፈነቀል የቀሩት እንደታሸጉ ይቆያሉ። የሳምንት ሳጥን የሚጠቀም ሰው ከአንድ ሳምንት በላይ አይሙላ። ለዘመድ የምትልኩትን መድኃኒት በሻንጣ ታች ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ከነካርቶኑ አስይዙ፤ የሚያበቃበት ቀን ያለው ካርቶኑ ላይ ነው።

ከውጭ የሚላክ ሌላ ነገርም አለ፤ ለፀጉርና ለጥፍር የሚባለው ባዮቲን። ታይሮይድ የደከመበት ሰው ፀጉሩ ስለሚሳሳ ይህን ቶሎ ይጀምራል። ባዮቲኑ በራሱ አይጎዳም፤ በብዙ የላብራቶሪ ማሽኖች ላይ ግን ቲኤስኤችን ያለ እውነት ዝቅ፣ ፍሪ ቲ4ን ያለ እውነት ከፍ ያደርጋል። ወረቀቱ ግሬቭስ ይመስላል፣ ሐኪሙም የሚያስፈልገውን መጠን ይቀንሳል። ከምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሙት፤ መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ከዚያም ረዘም ያለ ጊዜ። በምርመራው ጠዋት ደግሞ ደም ከተሰጠ በኋላ ነው ክኒኑ የሚዋጠው፤ ከተዋጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ፍሪ ቲ4 ለጊዜው ይወጣልና።

ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ተደርጎ የሚያስፈልገው መጠን ግን ከፍ እያለ ከሄደ አንጀትን መመርመር ይገባል። ሀሺሞቶ ብቻውን የማይመጣበት ጊዜ አለ፤ ሲሊያክ የተባለው የስንዴ አለመስማማትና ቫይታሚን ቢ12 የሚያሳጣው የደም ማነስ ከዚህ ቤተሰብ ናቸው። ንጹሕ ጤፍ ግሉተን፣ ማለትም ሲሊያክን የሚቀሰቅሰው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን፣ የለውም፤ በስንዴ ወይም በገብስ የተቀላቀለ እንጀራ ግን አለው፤ ሲሊያክ ከተገኘ የእንጀራ ሻጯን መጠየቅ አይቅር። ክኒኑን ጀምሮ ከመሻሉ ይልቅ የሚብስበት፣ የሚያስመልሰውና ራሱን የሚያዞረው፣ ክብደቱ የሚቀንስ፣ የመዳፉ መስመርና ድዱ የሚጠቁር ሰው ካለ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢው ተጠቅቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። በዚያ ሁኔታ መጀመሪያ የሚተካው ኮርቲሶል የተባለው የአድሬናል ሆርሞን ነው፤ ታይሮክሲን ቀድሞ ከገባ ሰውየውን አደጋ ላይ ይጥለዋል።

ለማርገዝ የምታስብ ሴት ቀድማ ቲኤስኤችዋን ከ2.5 በታች ታድርግ። ሽሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ ታይሮይድ ስላልሠራለት የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው፤ የእናት ፍላጎትም ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። ከሐኪሟ ጋር አስቀድማ ተነጋግራ ቢሆን ይመረጣል፤ የወር አበባ ቀርቶ ምርመራው «አዎ» ባለበት ቀን በሳምንት ሰባት ክኒን የምትወስድ የነበረች ዘጠኝ ታድርግ፤ ለምሳሌ ረቡዕና ቅዳሜ ሁለት ሁለት። በዚያው ሳምንት ደም ትስጥ፤ ከዚያ እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየአራት ሳምንቱ ትለካ። የመጀመሪያ ቀጠሮዋ ለሦስት ወር ከተያዘላት ቀድማ እንድትገባ ትጠይቅ። ከወሊድ በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን ትመለስና ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ታስለካ።